አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ስለመለበጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ዚንክና ኒኬል ከሚለብጡት አንዱ ነኝ። «ብረት ላይ አሉሚኒየምስ ትለብጣለህ?» ሳልባል ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። የሚጠይቁኝ በሚሌ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች፣ ደሴ ላይ በርና መስኮት የሚበይዱ ልጆች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዴም ስልካቸው ላይ ቪዲዮ አይተው አሮጌ ድስት ታቅፈው የሚመጡ አሉ። አንዱን መልስ ስደጋግም ጉሮሮዬ ስለደረቀ እዚህ ጻፍኩት። ጥያቄዎቹን እንደመጡልኝ ነው ያስቀመጥኳቸው።

ኒኬሉን በውሃ እየለበጥክ አሉሚኒየሙን ለምን እምቢ ትላለህ?

እምቢ ባዩ ውሃው ነው። የኒኬል ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የኒኬል አዮኖች በገንዳው ይበተናሉ። የሚለበጠው ዕቃ ከኔጌቲቩ ሽቦ ጋር ተያይዞ ኤሌክትሮን ያድላል፤ ኒኬሉም ድርሻውን ተቀብሎ ዕቃው ላይ ብረት ሆኖ ይቀመጣል። ነገር ግን በዚያ ገንዳ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚጠብቀው ኒኬል ብቻ አይደለም፤ የውሃው ሃይድሮጅንም ወረፋ ይዟል።

ወረፋው የሚለካው በቮልት ነው። ሃይድሮጅን ዜሮ ላይ ቆሟል። ኒኬል ከዜሮ በታች 0.25 ቮልት ገደማ፣ ዚንክ 0.76፣ አሉሚኒየም ደግሞ 1.66 ላይ፣ ሰልፉ መጨረሻ ነው። ኒኬል ቅርብ ስለሆነ ይደርሰዋል። ዚንክ በሕጉ ከሄድን ሊደርሰው አይገባም ነበር፤ ሃይድሮጅን ግን ዚንክ ላይ ሲሆን ወደ ጋዝ ለመለወጥ ይለግማል፣ ዚንኩ በዚያ ልግመት ሾልኮ ያልፋል። አሉሚኒየም በጣም ስለሚርቅ ይህ ልግመት አይጠቅመውም። ቮልቱን ከፍ ብታደርጉ የሚጨምረው አረፋው ብቻ ነው።

ስለዚህ ውሃው ራሱ ከገንዳው ይውጣ ማለት ነው። በምትኩ ኤሌክትሮን ሲያገኝ ሃይድሮጅን የማይለቅ ፈሳሽ ይገባል፤ ኤተር፣ ቶሉይን ወይም ሌላ ኦርጋኒክ (ከካርቦን የተሠራ) አሟሚ። ከዚህ በታች የምታነቡት ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ውሃን ከማባረር ነው።

ሸብ አሉሚኒየም አለው ይባላል። ሸብ ውስጥ ብነክረውስ?

አለው፣ እውነት ነው። ሸብ የአሉሚኒየምና የፖታሲየም ሰልፌት ነው። ግን ሸቡን የምታሟሙት በምን ሆነና? በውሃ። በባትሪ ቻርጀር ብትሞክሩት ሚስማሩ ዙሪያ አረፋ ይንተከተካል፤ ቆይቶ እንደ ቀጭን አጥሚት የመሰለ ነጭ ዝልግልግ ነገር ይንሳፈፋል። ሃይድሮጅኑ ሲወጣ በሚስማሩ አጠገብ ያለው ውሃ ወደ አልካላይነት ስለሚያደላ የሚፈጠር አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ድፍርስ ውሃ በሸብ የሚጠራው በዚሁ ዝልግልግ ነገር ነው፤ ጭቃውን አቅፎ ይዘቅጣል። ለውሃ ማጥሪያ ግሩም፣ ለልባጥ ከንቱ።

«ተለበጠ» ተብሎ ቪዲዮ ላይ የሚታየውን ነጣ ያለ ሚስማር አምጥተው ያሳዩኝ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አደረግኩት፤ አረፋው ዝገቱን አንስቶለት የጸዳ ተራ ብረት ነው።

ታዲያ የአሉሚኒየም ፋብሪካዎች በምን ያወጡታል?

በኤሌክትሪክ፣ ያለ ውሃ። እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ ሳይተዋወቁ የደረሱበት ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ክራዮላይት በተባለ የቀለጠ ማዕድን ውስጥ በ960 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሟሟና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የሚወጣው ፈሳሽ ሆኖ ነው። ቡሎን እዚያ ውስጥ ብትነክሩ ተለብጦ አይወጣም።

በኦርጋኒክ አሟሚ የሚሠሩት ገንዳዎች የትኞቹ ናቸው?

መጀመሪያ የተሳካው የኤተር ገንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ካውች እና ብሬነር የተባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ተመራማሪዎች አሉሚኒየም ክሎራይድንና ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድን በኤተር አሟሙና ያለ ማሞቂያ፣ ነጭና የማይሰባበር ልባጥ አወጡ። ይህ ብሬነር ያለ ኤሌክትሪክ የሚለበጠውን ኒኬል ካስገኙት አንዱ ነው፤ እኛ የሙያው ሰዎች ሁለት ጊዜ ልናመሰግነው ይገባል። ገንዳው ላቦራቶሪ ውስጥ ድንቅ ነው። ፋብሪካ ሲገባ ግን ኤተሩ ይተናል፣ ሃይድራይዱ እየተበላ ያልቃል፣ የእሳቱ ስጋት ደግሞ ሠራተኛውን እንቅልፍ ይነሳል። ኤተሩን ቴትራሃይድሮፉራን በሚባል ብዙም በማይተን አሟሚ የተኩም ነበሩ፤ ስጋቱን ቀነሱት እንጂ አላጠፉትም።

ኢንዱስትሪ ውስጥ ሥር የሰደደው ሌላው፣ የጀርመኖቹ ነው። ካርል ዚግለርን ሁላችሁም ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ውሃ የምንቀዳበት ጄሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ በእሱ ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጥ በሚያፋጥን ነገር) የመጣ ነው፤ ለዚያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1963 ከጣሊያናዊው ናታ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍሏል። ያ ካታሊስት ውስጥ የሚገባው ትሪኢታይል አሉሚኒየም የተባለ ፈሳሽ ነው። ዚግለርና ባልደረባው ሌምኩል ይህንኑ ፈሳሽ ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም ፍሎራይድ ጋር ሲያዋህዱት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ አሉሚኒየምም የሚለብጥ ሆኖ አገኙት። ኋላ በቶሉይን እየቀጠኑ እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ እያሞቁ መሥራት ተለመደ፤ ሲመንስ ሲጋል በሚል ስም አሳደገው። ውበቱ አኖዱ፣ ማለትም ከፖዘቲቩ ሽቦ ጋር የሚያያዘው ቁራጭ፣ ላይ ነው፦ አኖዱ ራሱ አሉሚኒየም ስለሆነ በዚያ በኩል የሚሟሟው በዚህ በኩል ይለበጣል፣ ፈሳሹም አይደኸይም። ከሚላከው ኤሌክትሪክ የሚባክን የለም ማለት ይቻላል። የሚወጣው አሉሚኒየም ንጽሕናው ከ99.9 በመቶ በላይ ነው።

ጉዱስ? ትሪኢታይል አሉሚኒየም አየር ሲነካው በራሱ ይነዳል። ክብሪት አይጠብቅም። ውሃ ከነካው ደግሞ ከመንደድም አልፎ ይፈነዳል።

ሦስተኛው፣ በጥብቅ ከተነጋገርን አሟሚ የለውም፤ ፈሳሹ ራሱ ጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሃርሊ እና ዊር አሉሚኒየም ክሎራይድን ከአንድ ኦርጋኒክ ጨው ጋር ሲደባልቁት ሁለቱም ደረቅ ዱቄቶች ሳይሞቁ ፈሳሽ ሆኑላቸው። የዛሬዎቹ አዮናዊ ፈሳሾች ከዚያ ዘር ናቸው። አይተኑም፣ እንደ ኤተርም አይነዱም። እርጥበት ግን እንደሌሎቹ ጠላታቸው ነው፣ ዋጋቸውም አይቀመስም።

ኤተር ደሴ ላይ በጠራራ ፀሐይ ይፈላል ሲባል ሰምቼ ስቄ ነበር። ቀልድ ነው አይደል?

አይደለም። ደሴ ላይ የባቄላ ንፍሮ ከቆላማዋ ሚሌ ይልቅ ለምን እንደሚቆይ አስቡ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ውሃው በ100 ዲግሪ ፈንታ በ92 ገደማ ይፈላል፣ ባቄላውም ሙቀት ያንሰዋል።

ኤተርም እንዲሁ ነው። መጽሐፍ ላይ መፍያው 34.6 ዲግሪ ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ደሴ ላይ ወደ 26፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል። እንግዲህ ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ በስምንት ሰዓት ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ኤተር የያዘ ክፍት ገንዳ በዚያ ሰዓት እሳት ላይ እንደተጣደ ጀበና ይንተከተካል። ጠርሙስ ስትከፍቱም ሽታው ቀድሞ ፊታችሁ ላይ ይመጣል።

የኤተር እንፋሎት ከአየር ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለል ለወለል እየተሳበ ከሰል የተያያዘበት ጥግ ድረስ ይሄዳል። በአየር ውስጥ 2 በመቶ ያህል ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ነበልባል ባይኖር እንኳ ከ200 ዲግሪ በታች የሞቀ ብረት ያስነሳዋል። መብራት ጠፍቶ የአየር መሳቢያው ሲቆም ደግሞ የተጠራቀመውን የሚያወጣው የለም፤ መብራቱ ሲመለስ የማብሪያ ማጥፊያው ብልጭታ ይጠብቀዋል። መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግርም።

ቶሉይኑም ከዚህ አያመልጥም። 110 ዲግሪ የሚባለው መፍያው ደሴ ላይ ወደ 100 ይወርዳል፤ የጀርመኖቹ ገንዳ የሚሞቅበት አካባቢ ማለት ነው። የውጭ መመሪያ እንዳለ ገልብጦ ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሊሠራ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያ ስህተቱ ይህ ይሆናል።

እርጥበት ትላለህ። ክዳኑን ግጥም አድርጌ ብዘጋውስ?

በነሐሴ ደሴ ውስጥ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ቦታውን አልጠራም። አንድ ልጅ አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ አገኘና ክዳኑን ላላ አደረገው። ቡሽ እንደሚነቀል ሻምፓኝ «ጷ!» ብሎ ተፈናጠረ፤ ቀጥሎ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ሁላችንም እየሳልን ወደ ደጅ። ጠርሙሱ ከዓመታት በፊት በክረምት ተከፍቶ፣ በጉም ውስጥ ትንሽ ቆይቶ፣ ደህና አድርጎ ተከድኖ ነበር። ውስጥ የገባችው ያቺ እርጥበት ከክሎራይዱ ጋር ስትገናኝ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ አወጣች፣ ጋዙም መውጫ አጥቶ ሲጠብቅ ኖረ።

ስለዚህ ክዳን አይበቃም። ሥራው ሁሉ በደረቅ ናይትሮጅን ወይም በአርጎን ሥር ነው የሚሆነው፤ ዕቃው የሚገባውና የሚወጣው እንደ ሁለት በር ባለ መተላለፊያ ነው፤ አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፣ በመካከሉ ያለው አየር በናይትሮጅን ይጠረጋል። ለአይዝጌ ብየዳ አርጎን ሲሊንደር ያላችሁ ሰዎች ግማሽ መንገድ የሄዳችሁ ይመስላችኋል። የተቀረው ግማሽ ነው ውዱ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሂደቱ ምን ይመስላል?

ግማሹ የለመድነው ሥራ ነው። ዘይቱ ይታጠባል፣ ዝገቱ በአሸዋ ርጭት ወይም በአሲድ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜም ስስ የኒኬል ወይም የመዳብ መሠረት በተለመደው የውሃ ገንዳ ይለበጣል፣ አሉሚኒየሙ ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ። እስከዚህ ድረስ የእኔም ቤት ይሠራዋል።

ከዚያ ወዲያ ዓለሙ ይለወጣል። ዕቃው ጠብታ ውሃ እንዳይቀርበት ይደርቃል፤ የቡሎን ጥርስና የቀዳዳ ውስጥ ዋናዎቹ መደበቂያዎች ናቸው። በደረቅ አሟሚ ይታጠባል፣ በመተላለፊያው ይገባል፣ ይለበጣል፣ እዚያው ውስጥ በአሟሚው ታጥቦ ይወጣል። የሚወጣው ዕቃ እንደ ክሮም አያብረቀርቅም፤ ደብዘዝ ያለ ነጭ ነው፣ የታጠበ የብር ጌጥ ይመስላል። መያዙን ለማወቅ አብሮ የተለበጠ ስስ ላሜራ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ ካልተላጠ ይዟል።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት አምፔር ይበላል?

ይህን ሒሳብ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም አይዋሽም። አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ቢፈስ 0.336 ግራም አሉሚኒየም ይለበጣል። በአንድ ዴሲሜትር ካሬ ላይ አንድ አምፔር ብትለቁ ውፍረቱ በሰዓት 12.4 ማይክሮን ይሆናል፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው።

ባለ 10 ሚሊሜትር ቡሎን፣ ርዝመቱ 50፣ የቆዳው ስፋት ከነጥርሱ 0.3 ዴሲሜትር ካሬ ያህል ነው እንበል። 60 ቡሎን 18 ዴሲሜትር ካሬ ይሆናል። 18 አምፔር ለቃችሁ በአንድ ሰዓት 6 ግራም አሉሚኒየም ታስቀምጣላችሁ። 25 ማይክሮን ከፈለጋችሁ ሁለት ሰዓት። ዚንክ በዚያው አምፔር በሰዓት 17 ማይክሮን ይሄዳል። እንግዲህ አሉሚኒየም ዘገምተኛ ነው እንጂ ኤሌክትሪክ አሟጣጭ አይደለም። ወጪው ያለው ደረቅ አየር፣ ንጹሕ አሟሚና የማያፈስ ታንክ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥርስ ላይ 12 ማይክሮን ስትለብጡ የቡሎኑ የጥርስ ዲያሜትር የሚያድገው በ12 ሳይሆን በአራት እጥፉ፣ በ48 ማይክሮን ነው። ዳዶው አልገባ ሲል ቶርኖ ቤቱን አትሳደቡ።

አኖዱን ከአሮጌ ድስት ወይም ከፒስተን ብሠራውስ?

ኤሌክትሪኩን ያስተላልፋል፤ ገንዳውን ግን ያቆሽሻል። ፒስተን በሲሊከን የተሞላ ነው፣ ቀልጦ የተሠራ ድስትም የምን ቅልቅል እንደሆነ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። አሉሚኒየሙ ሲሟሟ ሲሊከኑና ሌላው ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ዝቃጭ ዕቃው ላይ ሲያርፍ ልባጡ እንደ በረሮ ቆዳ ይሻክራል። ንጹሕ አሉሚኒየም ነው የሚፈለገው።

ጋሼ፣ የጭነት መኪና ቡሎን ለምን በአሉሚኒየም መለበጥ ይፈለጋል? ዚንክ ምን አነሰው?

የሚሌን ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ነው የጠየቀኝ፤ ከሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው።

ቡሎኑ ራስ ላይ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 የሚል ጽሑፍ አለ። ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይጠነክራል፣ ግን አንድ ድክመት አብሮ ይመጣል፦ ሃይድሮጅን ሲገባው ይሰበራል። ሃይድሮጅን ከየት ይመጣል? ዝገት ለማንሳት ከምንነክርበት አሲድና ከውሃው የልባጥ ገንዳ። አተሙ ትንሽ ስለሆነ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋል። ቡሎኑ ሲጠበቅ ምንም አይልም። ከአንድ ቀን ወይም ከሳምንት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱ ይቆረጣል። የሃረጎን ዳገት እየወጡ ጎማ የያዘ ቡሎን ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን እናንተ ትነግሩኛላችሁ።

ለዚህ ነው የአውሮፕላን ሰዎች ከውሃ የራቀ ልባጥ የሚወዱት። የኦርጋኒኩ ገንዳ ሃይድሮጅን የሚለቅ ነገር የለውም። በፊት ለዚህ ሥራ ካድሚየም ይለበጥ ነበር፤ ካድሚየም ግን ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው፣ ስለዚህ አሉሚኒየም ከምትኮቹ አንዱ ሆነ። ሌላም ጥቅም አለው፦ አሉሚኒየም አካል ላይ የሚገጠም ቡሎን ራሱም አሉሚኒየም ከለበሰ፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨውና ውሃ ሲያገኙ የሚፈጥሩት የመበላላት ነገር ይቀራል። ልባጡ ቢጫር እንኳ አሉሚኒየሙ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ይጠብቅለታል። ሙቀትም ከዚንክ ይበልጥ ይችላል።

ነገር ግን ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ቡሎኑን መጀመሪያ አሲድ ውስጥ ነክራችሁ ዝገቱን ካነሳችሁ ሃይድሮጅኑ ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ደረቅ ገንዳ ብታመጡ አልጠቀማችሁትም። ጠንካራ ቡሎን በአሸዋ ርጭት ነው የሚጸዳው። ሁለተኛው፣ ንጹሕ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ዳዶ ሲጠበቅበት ይናከሳል፤ ቅባት ይፈልጋል።

እኔ ዘንድ 10.9 ይዞ ዚንክ ልበጥልኝ ለሚል ሰው የምለው ይህ ነው፦ ከተለበጠ በአራት ሰዓት ውስጥ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ምድጃ ለሰዓታት ካልተጋገረ አልሠራም። 12.9 ከሆነ ጭራሽ አልነካውም። ቅር የሚለው ይበለኝ።

ተገላቢጦሹስ? አሉሚኒየም ላይ ኒኬል ወይም ክሮም መለበጥ ይቻላል?

አዎ፣ በውሃ ይሠራል፣ ብዙ ሰው ከላይኛው ጋር የሚያምታታውም እሱን ነው። አሉሚኒየሙ ዚንክ በሟሟበት የዚንኬት መፍትሔ ይታጠብና ስስ ዚንክ ይይዛል፣ በላዩ ላይ መዳብ ወይም ኒኬል ይለበጣል።

የተለበጠውን አሉሚኒየም እንደ መስኮት ፍሬም ቀለም ማስያዝ ይቻላል?

ይቻላል። አሉሚኒየሙ በሰልፈሪክ አሲድ አኖዳይዝ ይደረግና፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ቆዳ ይወጣለትና፣ ቀለም ይጠጣል፤ ወርቃማም ጥቁርም ይሆናል። አኖዳይዙ ግን የለበጥነውን አሉሚኒየም እየበላ ነው የሚያድገው፤ ልባጡ ስስ ከሆነ አሲዱ ሥሩ ያለውን ብረት ያገኘዋል፣ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ከ20 ማይክሮን በታች አልሞክረውም።

የተቃጠለው ፈሳሽ የት ይደፋል? የቦርከና ወንዝ አጠገባችን ነው።

ቦርከና ውስጥ አይደፋም። ይህን ለአሉሚኒየም ብቻ ሳይሆን ለእኔ ኒኬልም እላለሁ፤ ከታች ከብት ይጠጣዋል፣ መስኖም ይጠለፍበታል። አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ላይ ውሃ ብታፈሱ ይፈላል፣ የአሲድ ጭስም ይለቃል። ትሪኢታይል አሉሚኒየም ያለበት ከሆነ ደግሞ ውሃውን ይዞ የቀረበው ሰው ራሱ አይተርፍም። እሳት ቢነሳ የሚጠፋው በደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ነው፤ ባልዲ ውሃ የያዘ ጎረቤት ሮጦ እንዳይደፋበት ከወዲሁ ሊነገረው ይገባል። ይህንን ፈሳሽ የሚያስወግድ ቤት በአቅራቢያ ከሌለ ፈሳሹን መጀመሪያውኑ አታስመጡ።

ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ትንሿን ነገር እንኳ መሥራት አልችልም?

አብሽር፣ ትችላለህ። ግን ኤተሩንና ትሪኢታይሉን ተው። እኔ ብሆን አሉሚኒየም ክሎራይድን ከዩሪያ ጋር እሞክር ነበር። ዩሪያ ያልኩት ያው ማሳ ላይ የሚበተነው ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ፣ ክሎራይዱ ከዩሪያው ሞል በጥቂቱ ሲበልጥ፣ ሳይሞቅ ፈሳሽ ይሆናሉ፣ አሉሚኒየምም ይለበጥበታል። ይህ ቅልቅል ለአሉሚኒየም ባትሪም ተሞክሯል። ነገር ግን ከገበሬ ማኅበር ከረጢት የተዘገነ ዩሪያ አይሆንም፤ እርጥበት ጠጥቷል። የላቦራቶሪ ዩሪያ በቫኩም ደርቆ፣ ሥራው በአርጎን በተሞላ የጓንት ሳጥን (እጅ በተገጠመለት ጓንት ብቻ የሚገባበት ዝግ ሳጥን) ውስጥ ይሁን። ሲደባለቁ ሙቀት ስለሚያወጡ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚጨመረው።

ሌላው ዳይሜታይል ሰልፎን ነው፤ በ109 ዲግሪ የሚቀልጥ ነጭ ጨው መሳይ ነገር። አሉሚኒየም ክሎራይድ ተጨምሮበት ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሲሞቅ በደህና ይለብጣል፣ እንደ ኤተርም አይተንም። የጓንት ሳጥን ከሌለ ግን አማካሪህን ለምነህ ርዕስ ቀይር። የዚንክ ልባጥ ላይ የሚሠራ ብዙ ያልተነካ ነገር አለ፣ ገንዳዬንም አበድርሃለሁ።

የአሉዚንክ ቆርቆሮና የመኪና ማርሚታ በዚህ ዘዴ ነው የተሠሩት?

አይደለም። ሁለቱም ቀልጦ በተዘጋጀ ብረት ውስጥ ተነክረው ነው። አሉዚንክ የሚባለው ቆርቆሮ ሽፋኑ 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክ፣ ቀሪው ሲሊከን ነው። ማርሚታው አሉሚኒየምና ጥቂት ሲሊከን የለበሰ ላሜራ ነው፤ ዚንክ በ420 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ እዚያ አይሆንም። ማርሚታችሁን በጋልቫናይዝድ (ዚንክ በለበሰ) ላሜራ የሚጠግን በያጅ ካያችሁ ጭሱን አትሳቡ።

ልጄ፣ እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የግቢዬ በር እየዛገ ነው፤ እንዳይዝግ ምን ላድርግ?

እማማ፣ የእርስዎ በር አሉሚኒየም ልባጥ አያስፈልገውም። ገና የሚሠራ በር ቢሆን ኖሮ ሳይቀባ በፊት በቀለጠ ዚንክ፣ በ450 ዲግሪ ይነከር እል ነበር፤ ቱቦላሬው ላይ የአየር መውጫ ቀዳዳ ተበስቶለት፣ አለበለዚያ ገንዳው ውስጥ ይፈነዳል። የተሰቀለ በር ግን እንዲህ ያድርጉለት። የደሴ በር የሚዝገው ከታች ነው፤ የክረምቱ ውሃ በቱቦላሬው ውስጥ ወርዶ መውጫ ያጣል። በያጁ ልጅ መጥቶ የታችኛው ቱቦላሬ ሆድ ላይ በመሰርሰሪያ ሦስት አራት ቀዳዳ ይብሳ። ብየዳው ያለበት ቦታ ላይ የቀረውን ቅርፊት በመዶሻ ያራግፍ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ በቲነር ይወልውል። ዚንክ የበዛበት አንቲረስት ካገኘ እሱን፣ ካጣ ተራውን ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የላይኛው ቀለም ቀጥሎ። ይህን ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ብረቱ በፀሐይ ሲሞቅ ያሠሩት። ጠዋት ጤዛ ሳይለቀው ከተቀባ ቀለሙ በዓመቱ ይላጣል።